ሦስት ቅንጣት ወርቅ ቅንጦት አይደለም

«ድሃ አገር ነን፤ መጀመሪያ ማሽኑ ይምጣ፣ ዝርዝሩ በኋላ ይደርሳል።» የካንሰር ሕክምና በተነሣ ቁጥር ይህ አባባል እንደ ብልህነት ይቆጠራል። ማሽን ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ጨረሩ በየቀኑ የት እንደሚያርፍ ግን የሚጠይቅ የለም። ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ከሆነ አባባሉ ስህተት ነው። ዕዳውን ከሁሉ አብልጦ የሚከፍለውም እንደ ቆቦ ካለ ሩቅ ቦታ የሚመጣ ሰው ነው።

ማሽን አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሃያ ዓመት በላይ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ነበር፤ በኮባልት ማሽን በራፍ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ በሽታው የቀደማቸው ብዙዎች ናቸው። ሊኒየር አክሰለሬተር የተባለው አዲስ የጨረር ማሽን መግባቱና ጅማም አገልግሎቱን መጀመሯ ትልቅ እመርታ ነው። አዲሱን ማሽን በአሮጌው ልማድ ማሠራት ግን እመርታውን ከግማሽ መንገድ ይመልሰዋል።

ፕሮስቴት በሽንት ፊኛና በአንጀት መጨረሻ መካከል ያለ ዕጢ ነው። ፊኛው ሲሞላ፣ አንጀቱ ሲነፋ ቦታውን ይለውጣል። አጥንትን ብቻ አይቶ የሚያነጣጥር ባለሙያ ትናንት ያገኘውን ዛሬ ሊስተው ይችላል። እንዳይስት ሲል የጨረሩን ወሰን ያሰፋል፤ ያን ጊዜ ፊኛውና አንጀቱ ይጎዳሉ። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ በአልትራሳውንድ እየታዩ በመርፌ የሚገቡ፣ ከሩዝ ፍሬ የቀጠኑ ሦስት የወርቅ ቅንጣቶች። በኤክስሬይ ጎልተው ስለሚታዩ ዕጢው በየቀኑ ያለበትን ቦታ ይጠቁማሉ። የዕጢውን ድንበር ከሲቲ ስካን አጥርቶ የሚያሳየው ደግሞ ኤምአርአይ ነው፤ ሁለቱን ምስሎች በትክክል ለማነባበርም እነዚሁ ምልክቶች ያገለግላሉ።

ይህ ለቆቦ ሰው ምኑ ነው? ቀኑ ነው። በተለመደው መንገድ ሕክምናው እስከ 39 የጨረር ቀን፣ ማለትም ስምንት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው የብሪታኒያ ጥናት 20 ቀን ከ37 ቀን እንደማያንስ አሳይቷል። በ2024 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ በሽታቸው ላልጠናና ላልተሰራጨ ሕሙማን አምስት ቀን ብቻ እንደሚበቃ አረጋግጧል። ቀን ሲያጥር ግን በእያንዳንዱ ቀን የሚሰጠው መጠን ይጨምራል፤ ዕጢውን በየቀኑ ሳያዩ እንዲህ ማከም አደጋ ነው። ከዞብል ተራራ ግርጌ ማሽላውን ትቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለሚመጣ አባት፣ አስታማሚውን ይዞ አዲስ አበባ ሁለት ወር መክረምና በሁለት ሳምንት መመለስ መካከል ያለው ልዩነት ሕክምናውን በመጨረስና በማቋረጥ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በኤምአርአይ ላይ ደምቀው እንዲታዩ የተሠሩ አዳዲስ ምልክቶች ውድ ናቸው የሚል ካለ፣ እነሱን ግዙ አላልሁም። ወርቁ በኤምአርአይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ በተገቢው የአነሳስ ስልት ከተነሣና ምስሉን ማንበብ የሠለጠነ ሰው ካለ ይበቃል። ዋጋው ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ከፕሮስቴት ናሙና የሚወስድ ሐኪም በዚያው ዘዴ ሊያስገባው ይችላል።

«አብዛኛው ሕመምተኛ የሚመጣው በሽታው አጥንት ከገባ በኋላ ነው» የሚለው ክርክር የበለጠ ይከብዳል፤ እውነትም አለው። ለአጥንት ሕመም አንድ ቀን የሚሰጥ ጨረር እፎይታ ይሰጣል፤ ለዚያ ወርቅ አያሻም። ነገር ግን ዘግይቶ መምጣት የሚታረም ጥፋት እንጂ ዕጣ ፈንታ አይደለም። የሽንት መቸገር «የእርጅና ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ ፒኤስኤ የተባለው የደም ምርመራ ቆቦና ወልድያ ላይ ሊገኝ ይገባል።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርም ሆነ ሆስፒታሎች የጨረር ማሽን ሲገዙ የወርቅ ምልክቱን፣ የኤምአርአይ ቀጠሮውንና የባለሙያ ሥልጠናውን በዚያው ውል ያስገቡ። ጋዜጠኞችም በምርቃት ቀን ስንት ማሽን ገባ ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ሕመምተኛው በስንት ቀን ታክሞ አገሩ ይገባል ብላችሁ ጠይቁ።