ጥፋቱ የእግረኛው ብቻ ነውን?

በአዲስ አበባ አንድ ሰው በመኪና ተገጭቶ በወደቀ ጊዜ፣ ከከበበው ሕዝብ መካከል አንዱ «ምን አስቸኮለው? ዓይኑን የት ጥሎት ነው?» ማለቱ አይቀርም። እኛም ተምረናል የምንለው ይህንኑ ፍርድ እንደግማለን። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ነፍሱን ጠልቶ ነውን?

የቀለበት መንገዱን ተመልከቱ። ሰፈርን ከሰፈር ከፍሎ ያልፋል፤ መሐሉ ታጥሯል፤ የእግረኛ ድልድዮቹ ግን የተራራቁ ናቸው። ዘንቢል ያንጠለጠለች፣ ጉልበቷ የደከመ እናት ያን ሁሉ ደረጃ ወጥታ እንድትወርድ እንፈርድባታለን፤ ሾፌሩን ግን እግርህን ከነዳጅ መስጫው ጥቂት አንሣ አንለውም። (እኔም ትምህርት ረፍዶብኝ አጥሩን የዘለልሁበት ቀን ስላለ፣ በሌላው ላይ ለመፍረድ አፌ አይደፍርም።)

ፊዚክስ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናው ይዞት የሚመጣው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በ30 ከሚሄደው አራት ጊዜ በበለጠ ኃይል ሰውን ይመታል ማለት ነው። እግረኛን መምከር ደግ ነው፤ ምክር ግን ይህን ስሌት አይለውጠውም።

የምሕንድስና ተማሪዎች ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ቢጀምሩስ? መኪኖቹ በምን ፍጥነት እንደሚያልፉ በሰዓትና በሜትር መለካት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ማኅበራችንም ውጤቱን ለማዘጋጃ ቤቱ አቅርቦ፣ ከዜብራው በፊት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲሠራ ይጠይቅ።