በረሃ የወረደው ወጣት ብቻውን አያንጎራጉር

የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ ባለሀብቶች፣ የገንዳ ውሃና የመተማ ዮሐንስ ነዋሪዎች፣ በጤና ጣቢያ የምትሠሩ፣ የምታስተምሩ፣ ማሲንቆና ክራር የያዛችሁ፦ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ሐምሌ ሲገባ ለአረም፣ መስከረም ሲያልቅ ለአጨዳ ከደጋ ወርዶ የሰሜን ምዕራቡን ቆላ የሚሞላው ወጣት በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ጉልበቱን እንፈልገዋለን። የልቡን ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ የማንም ሥራ አላደረግነውም።

ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ፍሬው ደርሶ ከተከፈተ መሬት ላይ ይፈሳል፤ ስለዚህ ቶሎ ታጭዶ በሂላ (በነዶ ክምር) መቆም አለበት። በዚያ ጥድፊያ መሀል የሠራተኛው ወባ ይታያል፤ ካላዛሩም ቢዘገይ ይታያል። በሆዱ የያዘው ግን ለማንም አይታይም። አንዱ የአባቱን ዕዳ ሊከፍል የወረደ ነው። ሌላው ትምህርት ቤቱ በግጭት ምክንያት ተዘግቶበት ነው። ሌላው በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ለመግባት ደላላ ይጠብቃል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል በሺዎች ገቡ፤ ሱዳናዊም፣ ስንት ዓመት የሠራበትን ጥሎ የተመለሰ ኢትዮጵያዊም። በኩመርና በአውላላ መጠለያ የኖሩት ወጣቶች የሸሹት ፍርሃት እዚህም ተከትሏቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ደግሞ ራስን ማጥፋት ከሞት መንስኤዎች 3ኛው ነው። በዓለም ደረጃ እንዲህ ከሆነ፣ በእኛ ቆላ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ታዲያ ለምን ሙዚቃ? የደጋው ልጅ ሲከፋው «ድባቴ ይዞኛል» ብሎ ሐኪም ዘንድ አይሄድም። ያንጎራጉራል። ለገዛ ወንድሙ የማይነግረውን፣ የእናቱን ናፍቆት፣ የተበላበትን የቀን ክፍያ፣ መኖር እንዳስጠላው ጭምር፣ ማጭዱን ይዞ ጎንበስ እንዳለ በሁለት ስንኝ ያወጣዋል። ከጎኑ ያለው ሰምቶ «ግጥም ያውቃል» ይላል፤ ያልፋል። እኔ የምለው እዚያ ጋ አንለፍ ነው። ያ ስንኝ ወጣቱ የከፈተው በር ነው፤ በዚያ የሚገባ ሰው ያስፈልጋል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሳኦል መንፈሱ ሲታወክ ዳዊት በገና ይደረድርለት እንደነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል ያነበበ፣ መንዙማ ያጨናነቀውን ልብ ሲያሳርፍ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሳይንሱም ዘግይቶ መጥቶበታል፦ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ከ3,000 በላይ ጥናቶችን አገላብጦ ኪነ ጥበብ ለጤና እንደሚበጅ አሳይቷል። ሰዎች አብረው ሲዘፍኑ ትንፋሻቸው ይገጣጠማል፤ ባይተዋሩም ሰው መሀል ይገባል። ሙዚቃ ግን የሐኪምን ቦታ አይወስድም። ወጣቱን እስከ ሐኪሙ ደጅ ያደርሰዋል።

ሁሉም ዜማ ደግሞ አይጠቅምም። አረቄ ቤት እስከ ንጋት የሚጮኸው ድምፅ ማጉያ የልጁን ደመወዝ ይወስዳል እንጂ ጭንቀቱን አያቀልም። ትዝታን ለብቻው እየደጋገመ የሚሰማም ሐዘኑን ሲያመነዥክ ሊያድር ይችላል። ሽለላና ፉከራ የዚህ ቆላ ኩራት ነው፤ ቆላው የቋራው ካሳ አገር ነው፣ ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበት ምድር ነው። ሆኖም ወንድሙን ቀብሮ የመጣ የ17 ዓመት ልጅ ፊት በመጀመሪያው ምሽት ቀረርቶ ማሰማት ቁስሉን መጎርጎር ነው። አዝማሪ ይህን ከማንም በላይ ይረዳል፤ የቤቱን ፊት አይቶ ዜማ መለወጥ ሙያው ነውና።

ወጣትን በሙዚቃ መሰብሰብም አዲስ አይደለም፦ በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር፤ የጎንደሩ ፋሲለደስ ኪነትም ስሙ ዛሬ ድረስ ይነሳል። የመንግሥት ውዳሴና ቅስቀሳ ተጭኖበት ስለነበር ብዙዎች በክፉ ያስታውሱታል፤ አይፈረድባቸውም። ግን ወጣቶች ሥራ ፈተው ከመዋል በየሳምንቱ ተሰብስበው ከበሮና ክራር እየያዙ አንድ ነገር ያበጁ ነበር። መፈክሩን ትተን መሰባሰቡን እንውሰድ።

ባለሀብቶች ሆይ፣ በየካምፓችሁ በሳምንት አንድ ምሽት ለወጣቱ ተዉለት። አንድ ከበሮ፣ አንድ ክራር፣ አንድ መብራት ብዙ አያስወጣም፤ አረቄም አይግባበት። ሴት ሠራተኞች ሳይፈሩ የሚቀመጡበት ይሁን፤ የጉሙዝ ወጣቶችም በራሳቸው ጭፈራ ይምሩ። ከድንበር ማዶ የመጣው ልጅ የሱዳናዊውን ድምፃዊ የወርዲን ዘፈን ሲያነሳ የኛው ልጅ ቋንቋውን ሳያውቅ አብሮ ያዜማል፤ ዜማው በአምስት ድምፅ የተሠራ፣ ለትዝታና ለባቲ ጆሮ የቀረበ ነው።

የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ከዚያ ምሽት አትቅሩ። እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ አድማጭ ተቀመጡ። መኖር እንዳስጠላው በግጥሙ የነገራችሁን ልጅ በማግስቱ ለብቻው አነጋግሩት፤ «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ይልቅ ብቻውን እንዳልሆነ ያሳየዋል። ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ሆስፒታል መላክ ካለበት አብሮት የሚሄድ ሰው ፈልጉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ ከእነርሱ ጥቂቶቹ በአጨዳ ወቅት ወደ ቆላ ቢወርዱ፣ ለካምፕ ኃላፊዎችና ለአዝማሪዎች የአደጋውን ምልክት ቢያስተምሩ ትልቅ ነገር ነው።

ቄሶች፣ ሼሆች፣ መምህራን፦ «ዘፈን ነው» ብሎ የሚከለክል ካለ በመዝሙርና በመንዙማ ተሰባሰቡ፤ ብቻ ወጣቱን ከደጅ አትመልሱት። ልጁን በረሃ የሰደደ ወላጅም ሲደውል «ስንት ቋጠርክ?» ከማለቱ በፊት እንዴት እንዳደረ ይጠይቀው።

ለአረሙ ሠራተኛ ሲቀጠር የሙዚቃው ምሽት ቀንም አብሮ ይወሰን፤ የካምፑ ኃላፊ ቀኑን ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይንገር፤ የወረዳው ጤናና ባህል ጽሕፈት ቤቶችም ማን የት ካምፕ እንደሚሄድ አንድ ላይ ተቀምጠው ይመድቡ።