ታማኝነትን ከእኛ ብቻ አትጠይቁ

«የሞተ ቡድን ላይ እስከ መቼ ታለቅሳለህ?» አለኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና እየጠጣን ነበር። ወዳጄ ነው፤ ክፉ ሰውም አይደለም። የተናገረው ራሴ ላይ ያለውን ግራጫ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ቡድን ኮፍያ እያየ ነው። ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። መልሱ የመጣልኝ መንገድ ላይ ነው፤ ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ፣ እንዲህ የሚለው እሱ ብቻ አይደለምና።

ዋሽንግተን የገባሁት እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ፣ ከሱዳን በስደተኝነት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አዳምስ ሞርጋን ውስጥ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተን፣ አንቴናዋ በኮት መስቀያ ሽቦ የተጠገነ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረችን። እንግሊዝኛው ግማሹ አይገባንም፤ ቅርጫት ኳስም ከትምህርት ቤት ሜዳ ያለፈ አናውቅም። አንድ ምሽት አንድ ግዙፍ ጥቁር ሰው አየን፤ ነጭ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዳኛው ላይ ይጮሃል። እናቴ ወጥ ቤት ስትገባ ትከሻዋ ላይ የምትጥላት ጨርቅ ትዝ አለችኝ። እኔ በአገሬ ወታደር ባየሁ ቁጥር፣ በስደት ደግሞ ወረቀት የያዘ ባለሥልጣን ባየሁ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያ ሰው ግን አንገቱን የሚደፋ አይመስልም። «ማን ነው ይሄ?» ብዬ ጠየቅኩ። የጆርጅታውን አሰልጣኝ ጆን ቶምሰን ነበር።

በሚያዝያ 2 ቀን 1984 ምሽት ጆርጅታውን ሲያትል ላይ ሂውስተንን 84 ለ75 አሸንፎ የአገሪቱ የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። በአንድ በኩል ኪንግስተን ጃማይካ የተወለደው ፓትሪክ ኢዊንግ፣ በሌላ በኩል የሌጎሱ ልጅ ሀኪም ኦላጁዋን። ሁለቱም እንደ እኛ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው! እኛ አራታችን አልጋ ላይ ቆመን ጮህን፤ ከታች ያለው ተከራይ ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበው። ቶምሰን ይህን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሆነ። «የመጀመሪያ» መባሉን ግን አልወደደውም። ከእኔ በፊት ችሎታ ያላቸው ሌሎች ነበሩ፣ ዕድሉን ስለተከለከሉ ነው እንጂ ብሎ ተቃወመ። ይህን ሲተረጉሙልኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚህ ሰው ነኝ አልኩ።

አሁን «ያለፈውን ተወው» ለሚሉኝ ሁሉ አንድ ነገር ልንገራቸው። እኔ የወደድኩት ዋንጫውን አይደለም። ዋንጫ ያነሳ ቡድን ሞልቷል። የወደድኩት ያ ሰውዬ ታማኝነትን ከላይ ወደ ታች ማውረዱን ነው።

ተጫዋቹን ፍሬድ ብራውንን ውሰዱ። በ1982 ኒው ኦርሊንስ ላይ ከኖርዝ ካሮላይና ጋር በተደረገው ፍጻሜ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የነበረው ማይክል ጆርዳን አግብቶ ኖርዝ ካሮላይናዎች 63 ለ62 ሲመሩ፣ ጥቂት ሰከንድ ቀርቶ ኳሱ በብራውን እጅ ነበር። ልጁ ተደናግሮ ለባላጋራው ለጄምስ ዎርዚ አቀበለው። አለቀ። አገር ሙሉ በቴሌቪዥን እያየ ነው። ቶምሰን ምን አደረገ? ልጁን ጎትቶ አቀፈው። አልገሰጸውም፣ ጣቱን አልቀሰረበትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ዋንጫው በእጃቸው ሲገባ ያንኑ ልጅ እንደገና አቀፈው። ሁለቱን ፎቶግራፎች አስተያይቶ ዓይኑ እንባ ያላቀረረ ሰው ስለ ታማኝነት ሊያስተምረኝ አይችልም።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ክራክ ኮኬይን ከተማዋን ሲበላት፣ የዋሽንግተን ዋናው የኮኬይን ነጋዴ ሬይፉል ኤድመንድ ከቶምሰን ተጫዋቾች ጋር መዋል ጀምሮ ነበር። ቶምሰን አስጠራው፤ ቢሮው አስገብቶ ከልጆቼ ራቅ አለው። በዚያን ዘመን ሌሊት በዚህች ከተማ ጎዳና ታክሲ የነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደነበር ያውቃል። እኔ ነድቻለሁ። ሰባተኛ ጎዳና ላይ ተኩስ ስሰማ መብራት አጥፍቼ ዝቅ ብያለሁ።

በጥር 14 ቀን 1989 ደግሞ ላንዶቨር፣ ካፒታል ሴንተር ውስጥ ነበርኩ። ቦስተን ኮሌጅ እንግዳ ሆኖ መጥቷል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ቶምሰን ተነሳና ሜዳውን ጥሎ ወጣ። የኮሌጅ ስፖርት አለቆች የመግቢያ ነጥብ ላልሞላላቸው ልጆች ስኮላርሺፕ የሚከለክል ደንብ አጽድቀው ነበር፤ ደንቡ የሚመታው የድሃ ልጅን፣ ይበልጡንም ጥቁሩን ነው። በቃል ሳይሆን በእግሩ ተቃወመ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። አጠገቤ የነበረ ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ለትኬቱ ከኪሴ የከፈልኩት ዋና አሰልጣኙ ጥሎ ለሄደበት ጨዋታ ነው፣ ከዚያ የሚበልጥ ጨዋታ ግን አላየሁም። ብዙም ሳይቆይ የደንቡ ተግባራዊነት እንዲዘገይ ተደረገ።

ቢሮው ውስጥ አየሩ የወጣ ኳስ አስቀምጦ ነበር፤ ልጆቹ ሕይወታቸውን በውስጡ ባለው አየር ላይ ብቻ እንዳያንጠለጥሉ። እሱ ዘንድ አራት ዓመት ከቆዩት 97 በመቶው ዲግሪያቸውን ይዘው ወጥተዋል። ኢዊንግ ከማንም በፊት በሚሊዮን ሊሸጥ የሚችል ልጅ ነበር። በተጋጣሚ ሜዳ ዝንጀሮ የሚል ጽሑፍ ይዘው ቆመውበታል፤ የሙዝ ልጣጭ ወርውረውበታል። ኮሌጁን እንደሚጨርስ ለእናቱ ቃል ገብቶ ነበርና እናቱ በ1983 ሲሞቱም ቃሉን አልበላም። በ1985 ተመረቀ። ከኪንሻሳ ሐኪም ለመሆን አስቦ የመጣው ዲኬምቤ ሙቶምቦም በ1991 በቋንቋ ጥናትና በዲፕሎማሲ ተመርቆ ወጣ፤ በኋላም በአገሩ በእናቱ ስም ሆስፒታል ሠራ። ሙቶምቦ ኳስ ሲያግድ በየጥጉ ያለን አፍሪካውያን የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ ታክሲ ነጂዎች፣ የሆቴል አስተናጋጆች ሁላችን ቀና ብለን ነበር የምንሄደው። በ2024 ሲሞት ለዘመድ እንደሚለቀስ አለቀስኩ።

ይህን ነው «የሞተ» የምትሉኝ?

ሽንፈትንም አውቃለሁ። ሚያዝያ 1 ቀን 1985 ማታ፣ ኬ ጎዳና ላይ የፓርኪንግ ጎጆ ውስጥ፣ እግሬ ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ ጆሮዬ ሥር ትንሽ ሬዲዮ። በዚያ ወቅት ሁለት ጊዜ ያሸነፍነው ቪላኖቫ በፍጻሜው 28 ጊዜ ሞክሮ 22ቱን አገባ። 66 ለ64። አንድ ደንበኛ መኪናውን ሊወስድ መጥቶ ቁልፉን ስሰጠው እጄ ይንቀጠቀጣል። «ቤተሰብ ታመመብህ እንዴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ዋሽቼ አልነበረም።

እኔን ማንም አላስገደደኝም። አባቴ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነበር፤ ጊዮርጊስ ሲሸነፍ እራት አይበላም፤ ሌላ ቡድን ደግፍ ያለውን ሰው በዓመት በዓል ሳይቀር አይጎበኝም ነበር። ይህ በደሜ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ታማኝነት የተባለው ነገር ከላይ ያሉት ሁሉ አውልቀው የጣሉት፣ እኛ ላይ ብቻ የቀረ ልብስ ሆኗል።

መጀመሪያ የሸሹት ትልልቆቹ ናቸው። ከሲራኪውስ ጋር የነበረንን ጠብ የማያውቅ ሰው ይህ አይገባውም። በ1980 ቶምሰን ሲራኪውስ ሄዶ፣ በአሮጌው አዳራሻቸው በመጨረሻው ጨዋታ፣ 57 ጊዜ በተከታታይ ሲያሸንፉ የቆዩበትን ሜዳ ዘጋባቸው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተናከስን። እጠላቸው ነበር፤ ያለ እነሱ ግን ክረምቱ ክረምት አይመስለኝም። በመጋቢት 9 ቀን 2013 ለመጨረሻ ጊዜ በአንድ ሊግ ውስጥ እኛ ሜዳ ተገናኝተን 61 ለ39 አሸነፍናቸው። ዘንድሮ እንጂ ለከርሞ የለም። ለምን? የአሜሪካ እግር ኳስ የቴሌቪዥን ገንዘብ ሌላ ሊግ ውስጥ ይበልጣልና። ሊጋችን ቢግ ኢስት ተገነጠለ፤ ሲራኪውስ ሄደ። የሠላሳ ዓመት ጠብ በሒሳብ ሠራተኛ ወረቀት ላይ አለቀ። ታዲያ በዚያ ስብሰባ ላይ «ስለ ታማኝነትስ?» ብሎ የጠየቀ ነበር?

ተጫዋቾቹን አልወቅስም። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፣ በእኔ ዕድሜ ያሉ ደጋፊዎች ገንዘቡ ልጆቹን አበላሸ ሲሉ ስለምሰማ። አይደለም። በ2010 የኮሌጆቹ የመጋቢት ሻምፒዮና የቴሌቪዥን መብት ለ14 ዓመት በ10.8 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ ሜዳው ላይ የሚላቡት ልጆች ከደሞዝ ሳንቲም አያገኙም ነበር። ያ ግፍ ነው። ከ2021 ጀምሮ በስማቸው ገንዘብ ማግኘት መቻላቸው፣ ከ2025 ጀምሮም ኮሌጆች በቀጥታ እንዲከፍሏቸው መፈቀዱ ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው። የጉልበቱን ዋጋ ሳያገኝ የሠራ ሰው ይህን ሊቃወም አይችልም፤ እኔ ለሁለት ወር ፓርኪንግ ጠብቄ ያልተከፈለኝ ሰው ነኝ። ዛሬ አንድ ልጅ ዘንድሮ እዚህ፣ ለከርሞ እዚያ ቢጫወት፣ ትልልቆቹ ያስተማሩትን ነው ያደረገው። የሚያመኝ ስሙን ለምጄ ሳልጨርስ መሄዱ ነው፤ ቢያመኝም ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

አሰልጣኝም እንዲሁ። በ2023 ጆርጅታውን ኤድ ኩሊን ሲያመጣ ከዚህ በጣም የራቀ ቦታ አልሄደም፤ ከዚያው ሊግ፣ ከፕሮቪደንስ ነው የወሰደው። ሰውየው የዚያች ከተማ ተወላጅ ነው፣ 12 ዓመት አሰልጥኗቸዋል። እዚህ ደስታ ሆነ። እኔ ግን ፕሮቪደንስ ውስጥ እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ፣ ኮፍያውን ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲያየው ታየኝ። የእኔ ቡድን ስላደረገው ልክ ነው አልልም።

ከኩሊ በፊት ጆርጅታውንን ስላሰለጠነው ስለ ኢዊንግ ደግሞ እውነቱን እንናገር። አሰልጣኝነቱ አልተሳካም። በስድስት ዓመት 75 አሸንፎ 109 ተሸንፏል፤ በ2021–22 በሊጉ ውስጥ 19 ተጫውቶ 19 ተሸነፈ። መነሳቱን አልቃወምም። የምቃወመው በእሱ የተሳለቁትን ነው። ያ ሰው ሌሎች ሲሸሹ ተመልሶ የመጣ ነው። በመጋቢት 13 ቀን 2021፣ ቶምሰን ከተቀጠረ ልክ 49 ዓመት በሞላበት ቀን፣ ቶምሰን ከሞተም ሰባት ወር ሳይሞላ፣ ማንም ቁጥር ውስጥ ያላስገባውን ቡድን ይዞ ክሬይተንን 73 ለ48 ደምስሶ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ያን ምሽት በየቤቱ ኮፍያውን ያላነሳ ማን ነበር? ከዚያ በኋላ ስልኩን ጎንበስ ብሎ እየነካካ «ይህን ሽማግሌ አባርሩት» የሚል ሰው ታማኝነቴን ሊለካ ይመጣል!

ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው ግን ጥር 24 ቀን 2023 ነው። በሊጉ መደበኛ ጨዋታ 29 ጊዜ ተከታትለን ተሸንፈናል። የመጣነው ደፖልን ለመግጠም ነው። 20,000 ሰው የሚይዘው አዳራሽ ውስጥ ከፍ ያለው ክፍል ጨለማ ነው፤ ወንበር ሲታጠፍ እስከ ወዲያኛው ማዶ ይሰማል። ከጎኔ ለብዙ ዓመት አጠገባቸው የተቀመጥኩ ሴት አሉ፤ ከደቡብ ምሥራቅ ዋሽንግተን፣ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ። የአባታቸውን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸው እኔን «ኢትዮጵያ» ይሉኛል፤ እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፣ ትርጉሙን ጠይቀውኝ ነግሬያቸዋለሁ። የፍሬድ ብራውንን ታሪክ መጀመሪያ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፤ በዚያ በ1982ቱ ሌሊት ቶምሰን ልጁን ሲያቅፍ በቴሌቪዥን አይተው ተንበርክከው እንደጸለዩ።

ያን ማታ አሸነፍን። ከደፖል ጋር ነው፣ በጥር ወር፣ ምንም በማይለውጥ ጨዋታ። ተጫዋቾቹ ተቃቀፉ። ኢዊንግ ጎንበስ ብሎ ቆየ። እማማ ከወንበራቸው አልተነሱም፤ ጓንታቸውን አውልቀው እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር። ረጅም ጊዜ እንዲሁ ተቀመጥን፤ ጠራጊዎቹ ከእኛ በታች ያለውን መደዳ ጀምረዋል።

ከዚያ ቦርሳቸውን አነሱና «ኢትዮጵያ» አሉኝ፤ «ለሚቀጥለው ቀደም ብለህ ና። ሰው ይበዛል።»