አገር የሌለው ጠጅ

በአዲስ አበባ ደኅና ምግብ ቤት ገብቶ የወይን ጠጅ ያዘዘ ሰው፣ ጠርሙሱ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚያየው የተለጠፈበትን ወረቀት ነው። የየት አገር እንደሆነ፣ ከምን ዓይነት ወይን እንደተጠመቀ፣ ፍሬው በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተለቀመ ያነባል። ባይገባው እንኳ እንደገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ይኸው ሰው በማግስቱ ጠጅ ቤት ሲገባ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ለስላሳ ይሁን ደረቅ?” ይመልሳል፤ ብርሌው ይመጣል፤ ይጠጣል። ማሩ ከጎጃም ይምጣ ከከፋ፣ ከዶቅማ አበባ ይቀሰም ከግራዋ፣ ጭራሹን ማር ይሁን አይሁን የሚጠይቅም የሚነግርም የለም።

ጠጃችን አገር የለውም። የዚህ ጽሑፍ ክስ ይኸው ነው። ተከሳሹም ነጋዴው ብቻ አይደለም፤ ጠጪውም ጭምር ነው።

ነገሩን የሚያስቆጨው ጠጅ በቋንቋችን ውስጥ የያዘው ቦታ ነው። አማርኛ ከወይን ፍሬ ለሚጠመቀው መጠጥ ስም ሲያወጣለት “የወይን ጠጅ” አለው። ዋናው ጠጅ፣ ቅጽሉ ወይን ነው ማለት ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጦ ወይን የሠለጠነ ሰው መጠጥ፣ ጠጅ የሰፈር ሰካራም መጠጥ ተብሎ ቁጭ ብሏል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዝዋይ ላይ ካለማው ተክል የጠመቀውን ወይን በ2014 (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ሲያቀርብ፣ ጠርሙሱ ላይ ካሰፈራቸው ስሞች አንዱ “ሪፍት ቫሊ” ነበር። ሜርሎውና ሲራው የፈረንሳይ ዘር ነው፤ ስሙ ግን የኛው ስምጥ ሸለቆ ነው። እንግዳው ተክል የአገራችንን ስም አገኘ፤ የአገሩ ልጅ ጠጅ ግን ስም አልባ ሆኖ ቀረ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

በጠጅ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ያጋጥሙኛል። አንደኞቹ ይንቁታል፤ ኋላ ቀርነት ነው ይላሉ። ሁለተኞቹ ያወድሱታል፤ የነገሥታቱን ግብር፣ የአባቶችን ብርሌ እየጠሩ በባህል ስም ይምላሉ። ጋኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ግን ሁለቱም አይጠይቁም።

ማር አገር አለው። የትግራይ ነጭ ማር የሚቀሰመው ተበብና ግርብያ ከሚባሉት ዕፅዋት አበባ ነው። በከፋና በሸካ ጫካዎች ጌተም የሚባለው ዛፍ ሲያብብ ንቡ የሚሠራው ማርም ነጭ ነው፤ የሚቆረጠው በግንቦትና በሰኔ ነው። በደጋው አገር ደግሞ መስከረም ጠብቶ አደይ አበባና መች ሜዳውን ሲሸፍኑት፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ቢጫ ነው። ከግራዋ የተቀሰመ ማር ይጠቁራል፤ ምላስ ላይም መረር ይላል። ፈረንሳዮች የአፈሩን፣ የአየሩን፣ የከፍታውንና የሰዉን ልማድ በአንድነት የሚጠሩበት “ቴሯር” የሚሉት ቃል አላቸው። እኛ ቃሉ ባይኖረንም ነገሩ ሞልቶናል።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ለገበያ ሳይሆን ለዘመድና ለደንበኛ በትንሽ በትንሹ የሚጥሉ ሴቶችን እየፈለግሁ ስቀምስ ከርሜያለሁ። በዚህ ሥራ ያረጁ አንዲት እናት በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ዓይነት ጌሾ፣ በአንድ ልክ ሁለት ጋን ጥለው ነበር፤ አንዱን በከፋ ነጭ ማር፣ ሌላውን በጎጃም ቢጫ ማር። የመጀመሪያው ነጣ ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የማይከብድ፣ ጌሾው ቶሎ የሚሰማበት ነው። ሁለተኛው ወፍራም ነው፤ ከዋጡት በኋላም የአበባው ሽታ አፍ ውስጥ ይቆያል። ልዩነቱን ለማወቅ የታወቀ ቀማሽ መሆን አያሻም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ሴትዮዋ፣ “ልጄ፣ ውሃውም ጌሾውም አንድ ነው፤ የተለየው የማሩ አገር ነው” አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ትርጉም ከየትም መጽሐፍ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። በማር ንግድ ውስጥ “የጠጅ ማር” የሚባል አለ። ከነሰፈፉና ከነእጩ የተቆረጠ፣ ከየቦታው ተሰብስቦ በአንድ ዕቃ የተገለበጠ ርካሽ ማር ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ። ለገበታና ለመድኃኒት የሚፈለገው ማር በመጣበት አገር ይጠራል፤ የትግራይ፣ የላሊበላ፣ የወንጪ ይባላል። ይኼኛው የሚጠራው በሚሄድበት ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ የዓመት ምርቷ 50 ሺህ ቶን ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል፤ ከዚህ አብዛኛው የሚገባው ጋን ውስጥ ነው። ስለዚህ ጠጁ አገር ከሌለው አብዛኛው ማራችን አገር የለውም ማለት ነው።

በዚህ ላይ ስኳር ተጨመረ። ብዙ ጠጅ ቤት ማሩን በስኳር እንደሚያበዛው የማያውቅ የለም። አንድ ስሙን የማልጠራው ጠጅ ቤት ገብቼ አሳላፊውን፣ “ማሩ የየት አገር ነው?” አልኩት። “የገበያ ነው” አለኝ። “ወደ ገበያው ከየት መጣ?” ብለው፣ “ጋሼ፣ ጠጅ ነው የሚጠጡት ወይስ ጂኦግራፊ ነው የሚማሩት?” አለና ቤቱን በሳቅ ሞላው። ቀልዱ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሌላ አገር ይኸው ጥያቄ ደም አፍስሷል።

ፈረንሳይ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወይኗ ፊሎክሴራ በሚባል ተባይ ወደመባት። ያን ጊዜ ከስኳርና ከውሃ “ወይን” የሚሠራ ነጋዴ በዛ። በ1889 ወይን ማለት ከወይን ፍሬ ብቻ የተጠመቀ ነው የሚል ሕግ ወጣ፤ ማጭበርበሩ ግን አልቆመም። ትርፍ ምርትና ከውጭ የሚገባው ወይን ተጨምሮበት ዋጋው ሲወድቅ፣ በ1907 የደቡብ ፈረንሳይ ወይን ገበሬዎች ተነሡ። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር ሞንፔሊዬ ከተማ ላይ ግማሽ ሚሊዮን ይሆናል የተባለ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ናርቦን ላይ ወታደሮች ተኩሰው ሰው ሞተ። የአካባቢው ልጆች የሞሉበት 17ኛው እግረኛ ሬጅመንት ወታደሮች በአለቆቻቸው ላይ አመፁ። በዚያው ወር መጨረሻ ስኳር በወይን ውስጥ የሚገባበትን መንገድ የሚያጠብ ሕግ ወጣ። በ1923 የሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ገበሬዎች የወይናቸውን ደንብ ራሳቸው አወጡ፤ በ1935 መንግሥት የቦታ ስም የሚጠብቅ ተቋም አቆመ። ዛሬ ምግብ ቤት ውስጥ ራሳችንን እየነቀነቅን የምናነበው ወረቀት የዚያ ትግል ልጅ ነው።

ፈረንሳይ ከራቀችን ለጋናችን የምትቀርብ ጆርጂያ አለች። ጆርጂያውያን ወይናቸውን ክቬቭሪ በሚባል መሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ የሸክላ ጋን ይጠምቃሉ። በሶቪየት ዘመን ታላላቅ ፋብሪካዎች ብዛት እንጂ ጣዕም አይፈልጉም ነበር፤ የክቬቭሪው ወይን በየቤቱ ጓሮ ለቤተሰብ ብቻ ተጠብቆ ኖረ። በ2006 ሩሲያ የጆርጂያን ወይን ከገበያዋ ስታግድ፣ ብዛት አምኖ የኖረው ንግድ ወደ ጥራት ለመዞር ተገደደ። ዩኔስኮ ይህን የአጠማመቅ ዘዴ በ2013 መዘገበው። የጓሮው ጋን የፋብሪካውን በርሜል ያስከነዳው በናፍቆት ሳይሆን በስሙና በቦታው ስለተሸጠ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ሙግት አውቃለሁ። ንጹሕ የማር ጠጅ ውድ ነው፤ ድኻውን ከብርሌው ታጣላዋለህ ይሉኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ የቀን ሠራተኛ ለአንድ ብርሌ የቀን ደመወዙን ይክፈል የሚል ሰው ማኅበራዊ ኑሮን አያውቅም። ነገር ግን የስኳሩ መጠጥ ይከልከል አላልኩም። ይሸጥ፤ በስሙ ይሸጥ። ስኳር መሆኑ ይነገር፤ ዋጋውም የስኳር ይሁን። ድኻው የሚጎዳው ስኳር ጠጥቶ የማር ሲከፍል ነው። ከድኻው በስተጀርባ ደግሞ ሌላ ድኻ አለ፤ ማር ቆራጩ።

በከፋና በሸካ ጫካ ቀፎውን ረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅለው ገበሬ በገመድ ወጥቶ በጭስ ታፍኖ ነው ማሩን የሚያወርደው። በአካባቢው “ኮቦ” በሚባለው የቆየ ልማድ፣ ቀፎ የሚሰቀልበት የጫካ ክፍል በባለመብት ይጠበቃል። ዛፉ የሚቆመው ማሩ ስለሚያበላ ነው። ዩኔስኮ ከፋን በ2010፣ ሸካን በ2012 በጥብቅ ሥነ ሕይወት ስፍራነት መዘገበ፤ ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ዛፍ አይጠብቅም። የጌተሙ ማር “የጠጅ ማር” ተብሎ ከስኳር ጋር በአንድ ጋን ሲገባ፣ ገበሬው ጌተሙን ከመጥረቢያ የሚያድንበት ምክንያት ይጠፋል። በትግራይም ከ2020 እስከ 2022 በተካሄደው ጦርነት ቀፎው ለወደመበት ገበሬ ከስሙ የተሻለ መነሻ ካፒታል የለም።

ለቡና ስም መከራከር እናውቅበታለን። መንግሥት በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ጠየቀ፤ ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ውዝግብ በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ፈረንጅ የሚጠጣው ቡና አገር እንዲኖረው ባሕር ተሻግረን ተሟገትን። እኛው የምንጠጣው ጠጅ አገር እንዲኖረው ግን መንገዱን ተሻግረን አልጠየቅንም።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በስኳር የተጣለ ጠጅ በስኳር መጣሉ ይነገር። ጠጅ ቤቶች ማሩ የየት አገር፣ የየትኛው ወር ቆረጣ እንደሆነ ግድግዳቸው ላይ በጠመኔ ይጻፉ፤ ጠመኔ ውድ አይደለም። የሕግ ሰዎችም ለቡናው ያደረጉትን ለማሩ ያድርጉ።

ሕጉ ይዘገያል፤ ጥያቄው ግን ዛሬ ይቻላል። ብርሌው ሲቀርብላችሁ፣ ከማንሣታችሁ በፊት የማሩን አገር ጠይቁ። አሳላፊው ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ። ከናንተ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ሲጠይቀው ግር ይለዋል። አሥረኛው ሲጠይቀው የቤቱን ባለቤት ይጠራል። ባለቤቱም ማር ሻጩን ይጠይቃል፤ ማር ሻጩም ወደ ጫካው ይመለሳል።