ላፕቶፑ ዲፓርትመንቱን ይጠብቅ

ልጃችሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ላፕቶፕ አትግዙለት። ይህን የምለው ላፕቶፕ እየጠገንኩ፣ አልፎ አልፎም እየሸጥኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ምክሬ ገበያዬን ይጎዳ እንደሆነ እንጂ አይጠቅመኝም። የምሠራው አምስት ኪሎ፣ ከቴክኖሎጂው ግቢ ብዙም ሳይርቅ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ጥሪ ማድረግ ሲጀምሩ አባት ከልጁ፣ እናት ከልጇ፣ ታላቅ እህት ከታናሽ ወንድሟ ጋር እየመጡ «የተማሪ ላፕቶፕ አለህ?» ይሉኛል። «ምንድን ነው የሚማረው?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ «ገና ፍሬሽ ነው።»

ታዲያ ምን አስቸኮላችሁ?

ደስታው ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። በዚህ ወንፊት ያለፈ ልጅ ቢሸለም አይበዛበትም። ሽልማቱ ጫማ ይሁን፣ ጃኬት ይሁን፣ በግ ይታረድለት። ላፕቶፕ ግን የሥራ ዕቃ ነው፤ ሥራው ሳይታወቅ ዕቃውን መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ሪሚዲያል ለገባ ልጅ የሚገዙም አሉ፤ እሱ እኮ ገና ፍሬሽ ለመሆንም ማለፍ ይጠበቅበታል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት የጋራ ነው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ማትስ፣ እንግሊዝኛ። ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የሚባለው ኮርስ እንኳን ስሙ ያስፈራል እንጂ ከሞጁል የሚነበብ ነው። ሞጁሉ ፒዲኤፍ ነው፤ ስልክ ይከፍተዋል። አሳይመንቱ በግሩፕ ነው፤ ከግሩፑ አንድ ሰው ላፕቶፕ ካለው ይበቃል። («ሁሉም ምክርህን ከሰማ ያ አንድ ሰው ከየት ይመጣል?» ያለኝ ተማሪ አለ። ሁሉም አይሰማኝም፤ ለእሱ አታስቡ።)

ክረምት ላይ ፍሬሽን የጨረሱ ልጆች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ላፕቶፖቻቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። ቅሬታው «ይግላል፣ ይጮኻል፣ ድንገት ይጠፋል» ነው። የታችኛውን ክዳን ስፈታ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ሙቀቱ በሚወጣባቸው ቀጫጭን የብረት ክንፎች ላይ፣ ልክ ከማራገቢያው አፍ ሥር፣ የብርድ ልብስ ጠጉር ተጋግሮ ቀዳዳውን ደፍኖታል። በወረንጦ ጫፉን ይዤ ስስበው ሳይበጠስ እንደተያያዘ ይወጣል። አንዷ ተማሪ ከእጄ ላይ አየት አድርጋ «ውይ፣ ይሄ የእኔ አይደለም፣ የጓደኛዬ ነው፤ የእኔ ብርድ ልብስ ቀይ ነው» ብላኛለች። ነገሩ ሁሉ እዚያች አባባል ውስጥ አለ። ዶርም ውስጥ ጠረጴዛ አይበቃም፤ ላፕቶፑ ከአልጋ አልጋ እየዞረ ሌሊቱን ሙሉ ተከታታይ ፊልም ሲያሳይ ያድራል። አየር የሚስበው ደግሞ ከሥሩ ነው፤ ብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጥ ይታፈናል። ባትሪውም ዲቫይደር ላይ እንደተሰካ፣ ሙሉ እንደሆነና እንደጋለ ይከርማል፤ ሊቲየም ባትሪን እንደ ሙላትና ሙቀት አንድ ላይ የሚያስረጀው ነገር የለም። ስለዚህ ልጁ ላፕቶፑን የምሩን በሚፈልግበት ዓመት በእጁ ያለው ያረጀ ነው። ሳይሰረቅ ከቆየ ማለቴ ነው።

ከዚያ ዲፓርትመንት ይመጣል። አርክቴክቸር የደረሳት ልጅ ሬቪትና ሉሚዮን ልትከፍት ነው፤ ሉሚዮን ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሌለውን ማሽን አይምርም። እንዲህ ያለው ማሽን ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ቻርጀሩ ብቻውን ግማሽ ኪሎ ሊደርስ ይችላል፣ ባትሪውም ቶሎ ይጨርሳል፤ ግን የግዷን ትሸከመዋለች። ሶፍትዌር የገባው ልጅ አንድሮይድ ስቱዲዮን ሲከፍት 8 ጊጋ ራም ዝቅተኛው ነው፤ 16 ካለው በሰላም ይሠራል። አካውንቲንግ የገባው ኤክሴል፣ ፒችትሪ፣ ቢበዛ ኤስፒኤስኤስ ነው የሚከፍተው፤ እነዚህን ደህና የሆነ ማንኛውም ላፕቶፕ ይችላቸዋል። ሕክምና የገባችው ቀኑን ሙሉ የምትሸከመውና የምታነበው ስለሆነ ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ክብደቱና ባትሪው ያሳስቧታል። እነዚህ ልጆች በመስከረም አብረው ሱቄ ቢመጡ ሁሉም «የተማሪ ላፕቶፕ» ነበር የሚሉኝ።

አሜሪካ ያለች አክስት የምትልከው ማክቡክም የራሱ ታሪክ አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ማክቡክ ኤር ኤም 1 ድንቅ ዕቃ ነው፦ 1.29 ኪሎ፣ ማራገቢያ የለው፣ ድምፅ የለው፣ መብራት ሲጠፋ ሌላው ሁሉ ሶኬት ሲፈልግ እሱ ገና ግማሹ ላይ ነው። ለሕግና ለሕክምና ተማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሲቪል ለገባው ግን ኢታብስ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው፤ ሬቪትም እንደዚያው፣ አርክጂአይኤስ ፕሮም እንደዚያው። ልጁ በሚያምር ማክቡክ ፒዲኤፍ እያነበበ ፕሮጀክቱን በጓደኛው አሮጌ ላፕቶፕ ሲሠራ አይቻለሁ። አክስትም ብትሆን አንድ ዓመት ብትታገስ ምን ትሆናለች?

ጊዜው ደርሶ ሲገዛ ደግሞ ካርቶን አያታላችሁ። አዲስ ነው፣ ፕላስቲኩ አልተላጠም፣ ዋጋውም ቅናሽ ነው ተብሎ የሚሸጥላችሁ ብዙ ጊዜ ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻ ያለው ነው። ራሙም ማከማቻውም ቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው፤ ልጨምርልህ ብል መጨመሪያ የለውም። ዊንዶውስና ኦፊስ ከገቡበት በኋላ የቀረችው ቦታ አንድ ሁለት ዝመና ስትቀበል ታልቃለች። በዚያው ብር ያገለገለ ግን ለድርጅት ሠራተኛ ተብሎ የተሠራ ላፕቶፕ ይገኛል፦ የዴል ላቲትዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ። እኔ ለቲንክፓድ ቲ 480 አደላለሁ፤ አልደብቅም። ሁለት ባትሪ አለው፤ የውጭውን ላፕቶፑ ሳይጠፋ አውጥቶ ሌላ መክተት ይቻላል። ራም መጨመሪያው ሁለት ቦታ ነው። በታይፕ ሲ ቻርጅ ያደርጋል፤ ቻርጀሩ ቢጠፋ ወይ ቢሰረቅ ሌላ ማግኘት አያስቸግርም። መልኩ ግን አያምርም፤ ጥቁርና ድርቅ ያለ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ያኮርፋሉ።

አሁን ስለ ኮር አይ 7። «ኮር አይ 7 ነው» የሚለው ወሬ ስንቱን ወላጅ እንዳስከፈለ! ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይሄ ነው። ከሰባቱና ከአምስቱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 6600 ብሎ በዩ ፊደል የሚያልቀው ስድስተኛ ጄኔሬሽን አይ 7 ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ 8250 ዩ የሚባለው ስምንተኛ ጄኔሬሽን አይ 5 አራት አለው። አምስት የተባለው ሰባት የተባለውን ጥሎት ይሄዳል። ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። አስገድዶ መጫን ይቻላል፤ እኔም እጭናለሁ፤ ግን ለአራትና ለአምስት ዓመት ትምህርት ተብሎ በሚገዛ ዕቃ ላይ ቁማር ነው። ሰባተኛና ከዚያ በታች ያለው ገበያው ላይ ለምን እንደረከሰ አሁን ይገባችኋል።

ያገለገለ ስትገዙ ሁለት ነገር ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ። አንዱ የባትሪው ሪፖርት ነው። ዊንዶውስ ራሱ ያወጣዋል፤ የሚያስከፍልም የሚከብድም አይደለም፣ ሻጩን አውጣልኝ በሉት። ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዘው የነበረውና ዛሬ የሚይዘው ጎን ለጎን ይጻፋሉ። 50,000 የነበረው 28,000 ሆኖ ካያችሁት ባትሪ መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ሌላው የባዮስ ቁልፍ ነው። ከውጭ የሚመጡት ብዙዎቹ የድርጅት ንብረት የነበሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከነቁልፋቸው ይመጣሉ። ሲበራ ዴል ከሆነ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ 1 ደጋግማችሁ ተጫኑ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ተውት። አንድ አባት ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ ሻጩ እኮ የታወቀ ሰው ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሰውየውን ሳይሆን ላፕቶፑን ነው ይዘው የሚሄዱት» አልኳቸው። ቅር ብሏቸው ነበር፤ በኋላ ግን ተጫኑት።

ክርክሬን የሚነቀንቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱም የብር ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ደግሞ እንዳለ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ያን ዓመት በሰኔ የገዛ ሳቀ፣ ለመስከረም ያስቀመጠ ተቃጠለ። ስለዚህ «አንድ ዓመት ጠብቅ ስትለኝ ብሬን አስበላኸኝ» የሚለኝን ወላጅ ተሳስተሃል ልለው አልችልም። የምለው ይሄን ነው፦ የግድ አሁን ልግዛ ካላችሁ ሁሉም ዲፓርትመንት ውስጥ በሆነ ልክ የሚያገለግለውን ግዙ። 14 ኢንች፣ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙ የማይርቅ፣ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ በላይ፣ ኤስኤስዲ ያለው፣ ራሙ ያልተበየደ። 8 ጊጋውን ይዞ ይሂድ፤ ዲፓርትመንቱ ሲታወቅና ካስፈለገ 16 እናደርገዋለን። ልጅቷ አርክቴክቸር ከገባች እንኳን እንዲህ ያለው ገዢ አያጣም። በውድ የተገዛ ጌሚንግ ላፕቶፕ ይዞ ታሪክ ዲፓርትመንት የገባ ልጅ ግን ለመሸጥ ሲንከራተት አውቀዋለሁ።

«ልጄ ኪቦርድ ነክቶ አያውቅም፣ የመውጫ ፈተናው ደግሞ በኮምፒውተር ነው» የሚሉም አሉ። ልክ ነው፣ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ በኮምፒውተር ነው። ግን የሚወሰደው ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ መርጦ ክሊክ ማድረግ እስከዚያ ይለመዳል።

አንድ ተማሪ ብቻ ከዚህ ሁሉ ምክር ውጭ ነው፤ ዓይነ ስውሩ። እሱ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ላፕቶፕ ያስፈልገዋል፤ ፍሬሽ ነው፣ ዲፓርትመንት አልያዘም አይባልም። ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብለት ኤንቪዲኤ የተባለው ፕሮግራም በነፃ የሚወርድ ነው፤ ቀላል ማሽን ላይም ይሠራል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ የማየው ሌላ ነገር ነው፦ የኪቦርዱ ቁልፎች በጣት በደንብ ይለያሉ ወይ፣ የኢርፎኑ ቀዳዳ አልላላም ወይ፣ ባትሪው ሁለት ክፍለ ጊዜ ይዘልቃል ወይ። አንድ የሕግ ተማሪ ስክሪኑ ዳር ላይ መስመር የጣለ፣ ሌላው ሁሉ ደህና የሆነ ኤሊትቡክ አሳየሁትና ስለ መስመሩ ልነግረው ስጀምር አቋረጠኝ። «ስክሪኑን ለሌላ ሰው ሽጠውና ዋጋውን ቀንስልኝ» አለኝ። ቀነስኩለት፤ መስመሩ ግን እስከ ዛሬ አብሮት አለ።