መጀመሪያ አሥሩን ይምራ

ዛሬ ተመርቀው ቤት ስለተቀመጡ ልጆቻችን እንነጋገር።

ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ከተከፈተ ወዲህ በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ጋዋን የለበሰ ልጅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ልጁ ግን «ዜሮ ዓመት» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ፍለጋ ከቦርድ ቦርድ ይዞራል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጣውን የመውጫ ፈተና ያለፈውም ቢሆን «የሥራ ልምድህስ?» ከሚለው ጥያቄ አያመልጥም።

በእኛ አካባቢ ይህ መቀመጥ ዋጋ ያስከፍላል። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን «ተህሪብ» የሚሉትን ጉዞ ታውቃላችሁ። ልጁ ለእናቱ ሳይነግር ይወጣል፤ ወይ በሶማሌላንድ ወደ የመን፣ ወይ በሱዳን ወደ ሊቢያ። ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ያለበትን የሚያውቀው ደላላ ገንዘብ ጠይቆ ሲደውል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ለሁሉም ደመወዝ መክፈል አንችልም፤ ኃላፊነት መስጠት ግን እንችላለን። ዮቶር ሙሴን ሲመክረው የሺህ አለቃ ብቻ አላለም፤ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቃም ሹም አለው። መሪነት ከአሥሩ ይጀመራል።

ጅግጅጋ የከተማ ሴፍቲኔት መጀመሪያ ከገባባቸው 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። በ2013 ዓ.ም የጸደቀው ተከታይ ፕሮጀክት ደግሞ ወጣቶች አበል እያገኙ በግል ድርጅት ሥራ እንዲለማመዱ የሚያደርግ ክፍል ነበረው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልምድ የሚገኘው ቀድሞ የሚያምን ሰው ሲገኝ ነው። ይህን ለማድረግ ፕሮጀክት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገንም።

በቶጎ ውጫሌም ሆነ በቀብሪበያህ ሱቅ ያላችሁ፣ አንድ ተመራቂ ለ3 ወር አስጠጉ፤ የምሳና የትራንስፖርቱን ስጡት። ካርቶን ብቻ አታሸክሙት። የዕለቱን ሽያጭ መዝግቦ ማታ ያስረክባችሁ፤ ቅር ያለውን ደንበኛ እሱ ያነጋግር። ሶማልኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነውና፣ ያልቻለ ልጅ ባንኮኒ ላይ ቆሞ ይማረዋል።

በእድራችንና በወጣቶች ኮሚቴም እንዲሁ ነው። ልጅቷ ሻይ እንድታቀርብ ብቻ አንጥራት፤ ቃለ ጉባኤ ትያዝ፣ አጀንዳ ታዘጋጅ፣ ስብሰባውን በሰዓቱ ጀምራ በሰዓቱ ትጨርስ። ለጉዞ የተዋጣውን ገንዘብ ትቀበልና በደረሰኝ ታወራርድ። ሒሳቡ ቢጎድል ቶሎ ከእጇ አንንጠቅ፤ ጉድለቱን ራሷ ፈልጋ ታግኝ። የሚያስተምረው ይህ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ እናንተም የሠራችሁትን መዝግቡ። በማመልከቻችሁ ላይ «የመዘምራን ሰብሳቢ ነበርኩ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ስንት ሰው አስተባበራችሁ? ምን ያህል ብር ይዛችሁ አወራረዳችሁ? የትኛውን አለመግባባት እንዴት ፈታችሁ? ስለ ባሕርያችሁ የሚመሰክር አንድ ሰውም ስሙንና ስልኩን አስፈቅዳችሁ ጻፉ። አሠሪ «መሪ ነኝ» ከሚለው ቃል ይልቅ እንዲህ ያለውን ያምናል።

ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ለልጃችሁ አንድ ሥራ ከነቁልፉና ከነሒሳቡ ስጡት። «ተነሥ፣ ሥራ ፈልግ» የሚለውን ንግግር ሰምቶ ጠግቧል፤ «ይህን ላንተ ትቼዋለሁ» የሚለውን ግን ገና አልሰማው ይሆናል።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ጌታ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።