ብርድ ነው እየተባለ ስለሚታለፈው የሽንት ሕማም

በመንዝና በግሼ ደጋ፥ እንዲሁም በመርሐቤቴ አምባዎች የሚኖር ሰው ሌሊት ሽንት ደጋግሞ ሲያስነሣው፥ ሲሸናም ሲያቃጥለው «ብርድ መታኝ» ብሎ ባናውን ደርቦ ዝም ይላል። ይህ አነጋገር ፍጹም ሐሰት አይደለም፤ ብርድ ሰውነትን ሲነካ በቆዳ ሥር ያለው የደም ሥር ይጠባል፥ ደሙም ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፥ ኩላሊትም ውኃውን አብዝቶ ያወጣል። ነገር ግን ብርድ ብቻውን ጥማትን አያበዛም፤ ሰውነትንም አያከሳም። እንግዲህ ከብርዱ በስተኋላ ሌላ ደዌ ተሸሽጎ እንዳይሆን መመርመር ይገባል።

ከሚሸሸጉትም አንዱ የስኳር በሽታ ነው። የምንበላው እህል፥ ገብሱም ጤፉም፥ በሆድ ውስጥ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ይህን ስኳር ለሰውነት ያዳርሰዋል። ኢንሱሊን ሲጐድል ወይም ኀይሉ ሲደክም ግን ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍም ወደ ሽንት ይፈሳል፥ ውኃንም አስከትሎ ይወጣል። በሽተኛው ደጋግሞ የሚሸናውና የሚጠማው ስለዚህ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ማቲው ዶብሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1776 ዓመት በእንዲህ ያለ ሽንት ውስጥ ስኳር መኖሩን አስረድቷል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ስኳር የበዛበት ደም ተሕዋስያንን የመከላከል ኀይሉ ይደክማል። ደዌው በቆየ ጊዜም የፊኛ ነርቭ ይደነዝዛል፥ ሽንቱም ተሟጦ አይወጣም፤ በኩሬ የቆመ ውኃ እንደሚበላሽ ሁሉ የቀረውም ሽንት ተሕዋስያን ይራቡበታል። ይልቁንም የሴቶች የሽንት መውጫ አጭር ስለሆነ ሕማሙ በእነርሱ ላይ ይበረታል። ቁስለቱም በተራው የደሙን ስኳር ከፍ ያደርገዋል፤ አንዱ ደዌ ለሌላው በር ይከፍታል ማለት ነው።

ስለዚህ የሽንት ሕማም በመድኃኒት ድኖ ደጋግሞ የተመለሰበት ሰው ሽንቱን ብቻ ሳይሆን ደሙንም ያስመርምር። ምግብ ሳይቀምሱ በተለካ ደም 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ በድጋሚም ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። በመሐል ሜዳና በዓለም ከተማ ሆስፒታል አለ፤ መንገዱ የሚርቀውም በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምር። ትኩሳት፥ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የጐን ውጋት የተጨመረበትና ነፍሰ ጡር ሴት ግን አንድ ቀን እንኳ ሊዘገዩ አይገባም። በሽማግሌዎች ዘንድ የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥም ሽንትን ያውካልና ሐኪም ይለየዋል።

በቤትም ጥንቃቄ አለ፤ በደጋው ብርድ ጥማት ባይሰማም ውኃ መጠጣት፥ ሽንትን አለመያዝ፥ ሴቶችም ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ፥ የታዘዘውንም መድኃኒት እስከ መጨረሻው መውሰድ ነው። ከጐረቤት የተረፈ ኪኒን መዋጥ ግን ደዌውን ማለማመድ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው እፍረት ነው። አያሌ ሚስቶች ለባላቸው፥ አያሌ ምራቶችም ለአማታቸው ይህን ሕማም ለመናገር ያፍራሉ። የቤቱ ባለቤት ሆይ፥ ሌሊት ደጋግማ የምትነሣውን ሚስትህን ወይም እናትህን «ምን ሆንሽ?» ብለህ ጠይቃት፤ ሲነጋም ወደ ሐኪም ይዘሃት ሂድ።